ፀሐይን ማደብዘዝና የእህላችን ንጥረ ምግብ፦ አንድ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

የምድርን ሙቀት ለመቀነስ፣ ከምድር በላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ስትራቶስፌር በሚባለው የአየር ንብርብር ውስጥ የሰልፈር ብናኝ በመርጨት ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን ወደ ጠፈር መመለስ ይቻላል የሚል ሐሳብ አለ። የኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚው ፓውል ክሩትዘን እ.ኤ.አ. በ2006 በጽሑፍ ካቀረበው ወዲህ ሐሳቡ ከተመራማሪዎች ክፍል ወጥቶ የመንግሥታት መነጋገሪያ ሆኗል። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ በአብዛኛው ዝናቡ ይዛባል ወይ፣ ምርቱ ይቀንሳል ወይ በሚል ላይ ያተኩራል። እኔ ለመድረኩ ያቀረብኩት ጥያቄ ግን ጎተራው ከሞላ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ብናኙ ሙቀቱን ቢቀንስም በአየር ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይነካውም። እንግዲያውስ አየሩ ቀዝቅዞ ካርቦኑ ግን እንደበዛ በሚቀርበት ዓለም የሚበቅለው ስንዴ፣ ሩዝ፣ ባቄላና ምስር በውስጡ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ምን ይሆናል?

የምላሾቹ ክር ከጠበቅኩት በላይ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ አንባቢዎች ከየት እንደሚጀምሩ ስለጠየቁ፣ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው፣ የማንንም ቃል በቀጥታ ሳልጠቅስ፣ ፍሬ ነገራቸውን ከዚህ በታች ተርኬአለሁ። አስተያየት የጨመርኩበት ቦታ ላይ የእኔ መሆኑ ይታወቃል።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ምላሽ ስዊድን ከሚኖር አንባቢ የመጣ፣ እጅግ ትሕትና የተሞላበት ጽሑፍ ነበር። ጥያቄው በመነሳቱ አመስግኖ፣ ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን አድርጋልናለች ሲል ተነሳ። በሰኔ 1991 በፊሊፒንስ የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይኛው አየር ተፍቶ፣ በቀጣዩ ዓመት የዓለም አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ዝቅ ማለቱን አስታወሰ። ዓለም በዚያ ዓመትም አርሶ፣ ዘርቶ፣ በልቷልና ነገሩ የሚያስፈራውን ያህል ላይሆን ይችላል የሚል ግምቱን በጥንቃቄ አስቀመጠ። በዚያው በሚኖርበት አገር፣ በኪሩና አካባቢ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ሊያደርጉት ያቀዱት የፊኛ በረራ በሳሚ ሕዝብ ምክር ቤትና በአካባቢ ተቆርቋሪዎች ተቃውሞ መቅረቱንም ጨመረ። በዚያ በረራ ምንም ብናኝ ሊረጭ እንዳልነበረም አልሸሸገም።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ተሳታፊ ያንኑ ትሕትና ጠብቆ እርማት አቀረበ። የፒናቱቦ ብናኝ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ረግፎ አልቋል፤ በዚያን ጊዜ በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በሚሊዮን 355 ክፍል ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ስለዚህ ፒናቱቦ ስለ ቅዝቃዜና ስለ ብርሃን ሊያስተምረን ቢችልም፣ ቅዝቃዜና ብዙ ካርቦን ለአሥርት ዓመታት አብረው ሲቆዩ ስለሚሆነው ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም ባይ ነው።

ስለ ብርሃኑም ሁለት ነገር አነሳ። ብናኙ የፀሐይን ጨረር ስለሚበትነው በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ሲቀንስ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ይጨምራል፤ ይህም በጥላ ሥር ያሉ ቅጠሎችን ይጠቅማል። በአሜሪካ ሃርቫርድ ደን ውስጥ በ1992 ደመና በሌለባቸው ቀናት የእኩለ ቀኑ ብርሃን አስተፃምሮ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተለክቷል። የማሳ ሰብል ግን እንደ ደን ተደራርቦ የቆመ አይደለም። በ2018 የታተመ ጥናት የፒናቱቦንና በ1982 በሜክሲኮ የፈነዳውን የኤል ቺቾንን መረጃ ከበቆሎ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከሩዝና ከስንዴ ምርት ጋር አነጻጽሮ፣ ከብርሃኑ መደብዘዝ የሚመጣው ጉዳት ከቅዝቃዜው የሚገኘውን ጥቅም እንደሚያጣፋው ደምድሟል። ይህ ሁሉ ስለ ምርት መጠን እንጂ ስለ ይዘት እንዳልሆነ ራሱ አስታውሶ ተሰናበተ።

ምላሽ 3

ክሩን ወደ ጥያቄው የመለሰችው ሦስተኛዋ፣ ዋሽንግተን አካባቢ በሥነ ምግብ ሙያ የምትሠራ እህት ናት። በ2014 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣውን ጥናት መሠረት አድርጋ፣ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ በክፍት ማሳ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለቀቀባቸው የበቀሉ ሰብሎች ምን እንዳሳዩ ዘረዘረች። ጋዙ በሚሊዮን ከ546 እስከ 586 ክፍል ሲደርስ፣ የስንዴ ዚንክ በ9.3፣ ብረቱ በ5.1፣ ፕሮቲኑ በ6.3 በመቶ ቀንሷል፤ የሩዝ ፕሮቲን ደግሞ በ7.8 በመቶ ወርዷል። በ2018 በቻይናና በጃፓን በ18 የሩዝ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት የቢ ቫይታሚኖችም እንደሚቀንሱ፣ ከእነርሱም ፎሌት በ30 በመቶ ገደማ እንደሚያሽቆለቁል አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ስሌት፣ በዚህ ምክንያት ብቻ በ2050 ተጨማሪ 175 ሚሊዮን ሰዎች ለዚንክ፣ 122 ሚሊዮን ደግሞ ለፕሮቲን እጥረት እንደሚጋለጡ ገምቷል።

ምክንያቱን ስታብራራ፣ ተክሉ ካርቦን ሲበዛለት ስታርች በገፍ ያመርታል፤ ከአፈር የሚስበው ማዕድን ግን በዚያው ልክ ስለማያድግ ቅራሪ ይሆናል አለች። ከዚህም ሌላ ተክሉ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ጠበብ አድርጎ ስለሚይዝ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል፤ ውሃው ሲቀንስ ከአፈር እየሟሟ ወደ ሥር የሚፈሰው ማዕድን ይቀንሳል። ብናኙ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ትነቱን ይበልጥ ሊቀንሰው እንደሚችል ጠቁማ፣ የካርቦኑ ጉዳት በማቀዝቀዝ የሚታከም አይደለም በሚል ነጥብ አበቃች። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ አንብብ የሚል ቢመጣ ይህን ወይም ቀጣዩን እመርጥለታለሁ።

ምላሽ 4

አራተኛው፣ ዕድሜያቸውን በስንዴ ምርምር ያሳለፉ አንጋፋ የሰብል ባለሙያ፣ ነገሩን ማንም ባልጠበቀው በኩል አመጡት። ሙቀት ራሱ የፕሮቲንን ድርሻ ከፍ ያደርጋል አሉ። ስንዴ ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ሙቀት ሲበረታ የመሙያው ጊዜ ያጥራል፤ በዚህ ጊዜ በዋነኛነት የሚጎዳው የስታርች ክምችት ነው፤ ፕሮቲኑ አስቀድሞ ከቅጠልና ከአገዳ ወደ ፍሬው የሚዛወር በመሆኑ ያን ያህል አይጎዳም። ውጤቱ ቀጭን፣ ጭምድድ ያለ፣ ክብደቱ የቀለለ፣ በመቶኛ ሲለካ ግን ፕሮቲኑ የበዛ ፍሬ ነው። እንግዲህ ዓለም እየሞቀች ካርቦንም እየበዛ ሲሄድ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ካርቦኑ ፕሮቲንን ሲያቀጥን ሙቀቱ በከፊል ያካክሰዋል። ፀሐይን በማደብዘዝ ሙቀቱ ሲወገድ የካርቦኑ ጉተታ ብቻውን ይቀራል። ገበሬው ደልዳላ፣ ዓይን የሚሞላ ፍሬ ያፍሳል፤ ዱቄቱ ግን ከቀድሞው የሳሳ ይሆናል።

እኚህ አባት ወዲያውኑ ማስጠንቀቂያ ጨምረዋል። የጨመደደ እህል ፕሮቲኑ በመቶኛ ስለበዛ ሙቀት ይሻላል የሚል ድምዳሜ እንዳይወሰድ፣ ምክንያቱም ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ጠቅላላ ፕሮቲን ከምርቱ ጋር አብሮ ሊወርድ ይችላል። ሙቀትና ድርቅ በበቆሎና በለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨውን ሻጋታ እንደሚያባብሱም አንስተው፣ በዚህ በኩል ቅዝቃዜ ምግቡን ሊያጸዳው እንደሚችል በሚዛናዊነት መስክረዋል።

ምላሽ 5 እና 6

የክሩ ድምፅ እዚህ ላይ ተለወጠ። አምስተኛው ጸሐፊ የገበሬ ልጅ መሆኑን ገልጾ፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር ሕዝቡ የእርዳታ ስንዴ በሚጠብቅበት አገር ስለ ዚንክ በመቶኛ መከራከር የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ሲል ጀመረ። የአራተኛውን ማስጠንቀቂያ ወይ አላነበበውም ወይ አልተቀበለውም፤ እኚያ አባት ሙቀቱ ይግፋበት ማለታቸው ነውን ብሎ በሽሙጥ ጠየቀ። ምርት የሚያተርፍ ከሆነ ፀሐይ ትደብዝዝ፣ የቀረውን በኋላ እንነጋገራለን አለ። አነጋገሩ ሸካራ ቢሆንም ጥያቄው ባዶ አልነበረም፤ ከኋላም እንደሚታየው ክሩን እስከ መጨረሻው የተከተለው እርሱ ነው።

ስድስተኛዋ ወንድሜ ብላ በመጥራት በእርጋታ መለሰችለት። የ2019ኙ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 37 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን ማሳየቱን፣ በእህል ምርቱ የሚታወቀው የአማራ ክልልም መቀንጨር ከበረታባቸው መካከል መሆኑን ጠቅሳ፣ ሆድ ሞልቶም ልጅ ሊቀነጭር ይችላል አለች። የመቀንጨር ምክንያት ብዙ መሆኑን፣ የመጠጥ ውሃና ተቅማጥም እንዳሉበት አልዘነጋችም፤ ሆኖም ከምግቡ አብዛኛውን ድርሻ ከአንድና ከሁለት ዓይነት እህል ለሚያገኝ ቤተሰብ የእህሉ መቅጠን የሚካካስበት ሥጋም ወተትም የለም የሚለው ነጥቧ ጠንካራ ነው።

ምላሽ 7፣ 8 እና 9

ሰባተኛው ጸሐፊ ሙግቱን ሁሉ በጤፍ ዘጋው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ በሳይንሱ ሲ4 ከሚባለው የተክል ወገን ናቸው፤ እነዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠላቸው ውስጥ ራሳቸው አከማችተው ስለሚጠቀሙ በአየር ውስጥ ያለው መጨመሩ ብዙም አይለውጣቸውም። በ2014ቱ ጥናትም በቆሎና ማሽላ ከስንዴና ከሩዝ ያነሰ ለውጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የስንዴና የሩዝ በላተኞች ጭንቀት ነው፣ በብረት የበለጸገ ጤፍ ያለው ሕዝብ በሰላም ይተኛ የሚል ነበር ድምዳሜው።

ስምንተኛዋ የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ናት። ሲ4 ስለመሆኑ ተስማምታ ሁለት ነገር አፈረሰችበት። በመጀመሪያ፣ የጤፍ ብረት ተብሎ ከሚነገረው ከፍተኛ አኃዝ ብዙው የፍሬው የራሱ ሳይሆን በሬ በሚያኼድበት አውድማ ላይ የሚቀላቀል የአፈር ብረት መሆኑን፣ ጤፉ ታጥቦ ሲለካ መጠኑ እንደሚወርድ፣ ከአፈር የመጣውም ብረት በአንጀት በቀላሉ እንደማይመጠጥ ገለጸች። በፍሬው ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ ነው እንጀራ የሚረዳን። ሁለተኛ፣ ሲ4 ተክሎች ብርቱ ብርሃንና ሙቀት የሚወዱ በመሆናቸው ከካርቦኑ ቢያመልጡም ከድብዘዛውና ከቅዝቃዜው ላያመልጡ ይችላሉ። ከዚያም ዋናውን ነገር አመጣች፦ እንጀራ ብቻውን አይበላም። ሽሮው፣ ክኩና ምስሩ ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር ነው የሚሠራው፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ስንዴና ገብስ ሲ3 ከሚባለው፣ የካርቦኑ መጨመር ከሚነካው ወገን ናቸው። ጉዳቱን ከእንጀራው ይልቅ በወጡ በኩል ፈልጉት አለች። እንደ እኔ ግምት ለእኛ አገር አንባቢ የዚህ ክር ቁም ነገር ይህ ነው።

ሆኖም እርስዋም ያለ እርማት አላለፈችም። የሽሮ ፕሮቲን እንደ ስንዴው ይቀንሳል ማለቷን ዘጠነኛው ተሳታፊ አልተቀበለውም። ጥራጥሬ በሥሩ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ ካርቦኑ ሲጨምር ፕሮቲኑን በአብዛኛው ይጠብቃል፤ ሦስተኛዋ በጠቀሰችው ጥናትም የአተር ፕሮቲን የቀነሰው በሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን በአኩሪ አተር ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። የቀነሱት ዚንክና ብረት ናቸው፤ የአተር ዚንክ ወደ ሰባት በመቶ ገደማ፣ ብረቱ አራት በመቶ ያህል። ስለዚህ የወጡ ጉዳት አለ፣ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ስምንተኛዋ እርማቱን ባጭሩ ተቀበለች።

ምላሽ 10 እና 11

አሥረኛው ከሻርጃ የጻፈ ሲሆን ክሩን ይዞት ወጣ። በሚያዝያ 2024 ዱባይን ያጥለቀለቀውን ዝናብ በዓይኑ ማየቱን፣ በሥራ ቦታው ሰው ሁሉ ጎርፉን በሰው ሠራሽ ዝናብ ሲያመካኝ መስማቱን ተርኮ፣ ሰማይ ላይ እጅ የሚያነሳ ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ትረካው ማራኪ ነበር፤ ከጉዳያችን ጋር ግን አይገናኝም። አሥራ አንደኛው እንዳስረዳው፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚያደርጉት፣ ኢትዮጵያም በ2021 የሞከረችው፣ ያለ ደመና ላይ ጨው የመሳሰለ ብናኝ በመርጨት በዚያው አካባቢ ዝናብ ለመጨመር የሚደረግ ነው። እኛ የምንነጋገረው ግን መላውን ምድር የሚሸፍን፣ ለዓመታት መታደስ ያለበት መጋረጃ ነው። የዱባዩም ጎርፍ ከግዙፍ የአየር ሁኔታ የመጣ መሆኑን የዘርፉ ባለሙያዎች ተናግረዋል። በዚህ መካከል አውሮፕላኖች የሚተዉት ነጭ መስመር መርዝ ነው የሚል አንድ ሰው ገብቶ ነበር፤ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔም አልፌዋለሁ።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14

አሥራ ሁለተኛው፣ ይዘቱን ከመጠየቅ በፊት ዝናቡን ጠይቁ አለ። በ1783 በአይስላንድ የፈነዳው ላኪ እሳተ ገሞራ ሰሜኑን የምድር ክፍል በማቀዝቀዙ የአፍሪካ የክረምት ዝናብ እንደተዳከመ፣ የዓባይ ውሃም እንዳነሰና ግብፅ በረሃብ እንደተመታች የሚያሳዩ የአየር ንብረት ሞዴሎችና የዘመኑ ጽሑፎች መኖራቸውን አወሳ። በ2013 የታተመ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ሥራም ብናኙ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብቻ ቢረጭ የሳሕል ቀጣና በድርቅ እንደሚመታ፣ በደቡቡ ብቻ ቢረጭ ደግሞ በተቃራኒው ዝናብ እንደሚያገኝ አመልክቷል። የመርጫው ቦታና መጠን የሚወሰነው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ዝናቡን ተቀባዩ ገበሬ የሚናገርበት መድረክ የለውም የሚል ምሬትም ነበረበት።

አሥራ ሦስተኛው ይህንን ይዞ በእኛ አቆጣጠር የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያመጣው ኤል ቺቾን ነው ብሎ ደመደመ። አሥራ አራተኛው ቱግ አለ። ያ ጥናት ስለ ሳሕል በጥቅሉ እንጂ ስለ ወሎና ትግራይ አይናገርም፤ ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው ጦርነቱና የመንግሥት አሠራር ጭምር ሆኖ ሳለ፣ የሰውን ጥፋት በሜክሲኮ ተራራ ላይ ማላከክ ሟቾችን መናቅ ነው አለ። አሥራ ሦስተኛው በስድብ መለሰ፤ ያኛውም አልቀረለትም፤ ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ሄዶ አስተባባሪው አቆማቸው። በፍሬ ነገሩ ከአሥራ አራተኛው ጋር ነኝ፤ በአነጋገሩ አይደለሁም።

ምላሽ 15

አሥራ አምስተኛው ጽሑፍ ከጭቅጭቁ በኋላ የመጣ ስለሆነ ብዙዎች ሳያነቡት ያለፉት ይመስለኛል። ጸሐፊዋ የወሎ ተወላጅ የሆነች የጤና ባለሙያ ናት። እስካሁን የተነጋገራችሁት ያው እህል ውስጡ ቢለወጥ ስለሚሆነው ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ዝናብ ሲጠፋ ሰው እህሉን ራሱን እንደሚለውጥ ነው አለች። ዝናብ ሲያጥር ስንዴውና ባቄላው ከስሞ ጓያ ብቻ ይቆማል፤ ጓያ ድርቅን የሚችል፣ በፕሮቲንም የበለጸገ ነው። ነገር ግን በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በተለይ ወጣት ወንዶችን እግራቸውን ያሽመደምዳል፤ ከያዘ በኋላም አይመለስም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ወሎ፣ በደላንታ ዳውንት፣ ከድርቅ በኋላ የተከሰተው ወረርሽኝ ብዙ ሰው አሰናክሏል። ከዚያ በላይ ያስደነገጠኝ ቀጣዩ ነጥቧ ነው፦ ተክሉ ውሃ ሲጠማውና በአፈሩ ውስጥ ዚንክ ሲያንስ መርዙ ይጨምራል። ማለትም ድርቁ ሰውን ወደ ጓያ ይገፋል፤ ያው ድርቅ ጓያውን የባሰ ያደርገዋል።

ከዚህ በመነሳት፣ ፀሐይን ማደብዘዝ ክረምቱን ካዘገየ ወይም ካሳጠረ፣ የምግብ ይዘት ጉዳቱ በላቦራቶሪ በሚለካ ጥቂት በመቶ ሳይሆን በሚበላው እህል መለወጥ ይመጣል አለች። በተቃራኒው፣ ማደብዘዙ ድርቅን የሚቀንስ ሆኖ ከተገኘ ይኸው መንገድ ወደ መልካም ያመራል፤ ይህንንም ራሷ በሐቀኝነት ጽፋለች። እኔ ጥያቄውን ስከፍት በአእምሮዬ የነበረው የስንዴ ፍሬ ብቻ ነበር፤ ጓያን ያመጣ ሰው በመገኘቱ ክሩ ከፍ ብሏል።

ምላሽ 16

አሥራ ስድስተኛው ወደ ፖለቲካው ገባ። በነሐሴ 2023 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ የአካባቢ ሚኒስትሮች ይህ ቴክኖሎጂ ጥቅም ላይ እንዳይውል የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ሥርዓት እንዲበጅ መጠየቃቸውን፣ በ2024 መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ደግሞ ስዊዘርላንድ ስለዚሁ ቴክኖሎጂ ያቀረበችው የውሳኔ ረቂቅ መግባባት ላይ ባለመደረሱ መነሳቱን አስታወሰ። እርሱ እንዳይውል ከሚሉት ወገን ቢሆንም ምርምሩ እንዲከለከል አይፈልግም፤ በታዳጊ አገሮች ያሉ ሳይንቲስቶች የራሳቸውን ቀጣና እንዲያጠኑ ዲግሪስ ኢኒሺዬቲቭ የተባለው ድርጅት የሚሰጠውን ድጋፍ ጠቅሶ፣ ስለ ጤፍና ስለ ምስር የሚጠይቅ ሞዴል ከሌላ አገር መጠበቅ የለበትም አለ። ሌላም አደጋ ጠቆመ። መርጨቱ ከተጀመረ በኋላ በጦርነት ወይም በገንዘብ እጦት በድንገት ቢቋረጥ ታፍኖ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ይመለሳል፤ አንድ አዲስ የሰብል ዝርያ ተዳቅሎ ገበሬው እጅ እስኪገባ ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለቀዝቃዛው አየር የተመረጠ ስንዴ ሙቀቱ ሲመለስ ተተኪ አያገኝም።

ምላሽ 17፣ 18 እና 19

አሥራ ሰባተኛው የአፈር ተመራማሪ ነው። ሁላችሁም ስለ ጥቂት በመቶ ለውጥ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ዛሬ ከቀበሌ ቀበሌ ያለው ልዩነት ግን ከዚያ ይበልጣል አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተመራው፣ በ2021 ኔቸር ላይ የወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበ እህል ውስጥ ያለው ዚንክ፣ ብረት፣ ካልሲየምና ሴሌኒየም እንደ ቦታው በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። በእንግሊዝ ሮትሃምስቴድ ከ1843 ጀምሮ በአንድ ማሳ ላይ እየተዘራ ናሙናው የሚቀመጥ ስንዴም አለ፤ ዚንኩና ብረቱ በግልጽ መውረድ የጀመረው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ምርታማዎቹ አጫጭር ዝርያዎች ሲገቡ ነው፤ አፈሩ አልተሟጠጠም። እንግዲያው ዝርያ መምረጥና ዚንክ ያለው ማዳበሪያ መጠቀም ካርቦኑ የሚወስደውን መልሶ ሊተካ ይችላል፤ ይህም ፀሐይ ተደበዘዘችም አልተደበዘዘችም የሚሠራ መፍትሔ ነው።

ምክንያታዊ ጽሑፍ ነበር። አሥራ ስምንተኛው ሆኖ የተመለሰው ያው አምስተኛው የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ በዚህኛው አነጋገሩ ሽሙጥ አልነበረበትም። ዩሪያው ራሱ በዘር ወቅት ሳይደርስ በሚቀርበት፣ በደረሰም ጊዜ ዋጋው በሚያስጨንቅበት ሁኔታ፣ ዚንክ ላለው ማዳበሪያ ጭማሪውን ማን ይከፍላል ሲል ጠየቀ። ገበያው የሚገዛው በሚዛንና በመልክ ነው፤ ነጭ ማኛ ጤፍ ከቀዩ የሚወደደው ውስጡ ተመርምሮ አይደለም። ዚንክ ያለውን ስንዴ ያመረተ ገበሬ ከሌለው ያመረተው በአንድ ዋጋ ከሸጠ ለምን ይደክማል?

የመለሰችለት ስምንተኛዋ የምግብ ባለሙያ ናት፤ ክሩም እስካሁን በእርስዋ ምላሽ ላይ ቆሟል። ከገበሬው ላይ ሸክሙን የሚያነሳው አንዱ መንገድ ወፍጮው ነው አለች፤ ኢትዮጵያ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ በ2022 አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች፤ ፋብሪካው ዚንክና ብረት ሲጨምር ካርቦን ያቀጠነው ስንዴ በዳቦው ላይ ይካካሳል። ነገር ግን ይህ የሚደርሰው የፋብሪካ ዱቄት ለሚገዛው ነው። ጤፉ፣ በርበሬውና ሽሮው በየቤቱ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ በሰፈር ወፍጮ ቤት የሚፈጨው ቤተሰብ ከዚያ ውጭ ነው፤ በገጠር ደግሞ እጅግ የሚበዛው ይኸው ነው። በሰፈር ወፍጮ ላይ በትንሽ መለኪያ ንጥረ ምግብ የሚጨምር መሣሪያ በሌሎች አገሮች መሞከሩን ጠቅሳ፣ በሽሮ ወፍጮ ላይ ይሠራ እንደሆነ፣ ጣዕሙንና ቀለሙንስ ይለውጥ እንደሆነ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው በክሩ ካለ እንዲነግራት ጠይቃለች።